ያገለገለ ሴስና 172 በአሜሪካ መግዛትና ማስተዳደር፦ ከሂሳቡ እስከ ስም ዝውውሩ ዝርዝር መመሪያ

ትንሽ አውሮፕላን ገዝተው ሳይጠግቡት የሚሸጡ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚሰናከሉት በመግዣው ዋጋ አይደለም። በዓመት ስንት ሰዓት እንደሚበሩ ሳያውቁ ይገዛሉ፤ የጥገና መዝገቡንም የሚያገላብጡት ገንዘቡን ከፍለው ከጨረሱ በኋላ ነው። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው በአሜሪካ፣ በተለይም በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ለሚኖሩና ባለ አራት መቀመጫ፣ ባለ አንድ ሞተር ያገለገለ አውሮፕላን ለመግዛት ለሚያስቡ አንባቢዎች ነው። ለምሳሌነት የተመረጠው ሴስና 172 ነው፤ ከ1956 ጀምሮ ከ44 ሺህ በላይ ስለተሠራ መለዋወጫም፣ ጠባዩን የሚያውቅ መካኒክም፣ ሲሸጡት ገዢም አይታጣለትም። ከታች ያሉት የዋጋ አኃዞች ለስሌት እንዲመቹ የተወሰዱ ግምቶች ስለሆኑ በራስዎ ኤርፖርት ዋጋ ይተኳቸው። የደረጃዎቹን ቅደም ተከተል ግን አይለውጡ።

ደረጃ 1፦ የሚበሩትን ሰዓት በቁጥር ይያዙ

የበረራ መዝገብዎን ይክፈቱና ያለፉትን 12 ወራት ሰዓት ይደምሩ። «የራሴ ቢሆን ኖሮ የበለጠ እበር ነበር» የሚለውን ሐሳብ ከስሌቱ ያውጡ፤ አውሮፕላኑ የእርስዎ ስለሆነ ሥራው፣ የልጆቹ ትምህርት ቤትና ደመናው አይቀንሱም። ቀጥለው ወጪውን ለሁለት ይክፈሉት። የመጀመሪያው ቢበሩም ባይበሩም የሚከፈለው ቋሚ ወጪ ነው። ለአንድ ዓመት እንዲህ ሊመስል ይችላል፦

- ኢንሹራንስ፦ 1,500 ዶላር
- ሜዳ ላይ የማቆሚያ ኪራይ፣ በወር 150 ሂሳብ፦ 1,800 ዶላር
- ዓመታዊ ምርመራና እዚያው የሚገኙ ጥቃቅን ጥገናዎች፦ 2,500 ዶላር
- ሳይታሰብ ለሚመጣ ጥገና፦ 2,500 ዶላር
- የንብረት ግብር፣ እንደ ካውንቲው የሚለያይ፦ 500 ዶላር
- የበረራ ካርታና የመረጃ ክፍያ፦ 500 ዶላር
- በየ24 ወሩ የሚደረገው የትራንስፖንደር (አውሮፕላኑን ለተቆጣጣሪ ራዳር የሚያሳውቅ መሣሪያ) ፍተሻ ዓመታዊ ድርሻ፦ 200 ዶላር

ድምሩ 9,500 ዶላር ነው። ሁለተኛው ሞተሩ በሠራበት ሰዓት ልክ የሚወጣው ነው። በሰዓት 8.5 ጋሎን ነዳጅ በ6.50 ዶላር ሲሰላ 55 ዶላር፣ ለዘይትና ለፊልተር 5 ዶላር፣ ለሞተር እድሳት የሚቀመጥ 18 ዶላር፣ በጠቅላላው 78 ዶላር ይሆናል።

አሁን ያካፍሉ። በዓመት 50 ሰዓት የሚበር ሰው ለእያንዳንዱ ሰዓት 268 ዶላር ይከፍላል፤ 100 ሰዓት የሚበር 173፣ 150 ሰዓት የሚበር ደግሞ 141 ዶላር። ተመሳሳይ አውሮፕላን ነዳጁን ጨምሮ በሰዓት 180 ዶላር የሚከራይ ከሆነ፣ መግዛት ከመከራየት ጋር የሚስተካከለው 93 ሰዓት ገደማ ላይ ነው። በዚህ ስሌት ውስጥ በአውሮፕላኑ የታሰረው ዋና ገንዘብ ሌላ ቦታ ቢቀመጥ ያመጣ የነበረው ወለድ አልተካተተም።

ማስጠንቀቂያ፦ 18 ዶላር የሚለው የሞተር መጠባበቂያ የተገኘው 35,000 ዶላር የእድሳት ዋጋ ለ2,000 ሰዓት ተካፍሎ ነው። ይህ የሚሠራው ሞተሩ ገና የታደሰ ከሆነ ብቻ ነው። 1,600 ሰዓት የሠራ ሞተር ከገዙ የቀረዎት 400 ሰዓት ስለሆነ መጠባበቂያው በሰዓት ወደ 88 ዶላር ያሻቅባል። ልዩነቱን ከመግዣው ዋጋ ላይ ያስቀንሱ፤ ሻጩ እምቢ ካለ ሌላ ይፈልጉ።

ሂሳቡ ካልወጣ፦ መከራየትዎን ይቀጥሉ፣ ወይም በአካባቢዎ ባለ የበረራ ክበብ አባል ይሁኑ፣ ወይም ከሁለት ሰዎች ጋር በጋራ ይግዙ። በሦስት ሲካፈል ቋሚው ወጪ ለአንድ ሰው ወደ 3,170 ዶላር ይወርዳል። የጋራ ግዢን ግን እንደ እቁብ በመተማመን ብቻ አይጀምሩት። ቅዳሜና እሁድ እንዴት እንደሚከፋፈል፣ አደጋ ሲደርስ ኢንሹራንስ የማይሸፍነውን ማን እንደሚከፍል፣ አንዱ መውጣት ሲፈልግ ወይም ሲሞት ድርሻው በምን ዋጋ እንደሚሸጥ በጽሑፍ ይስፈር። የሞተሩ መጠባበቂያ በተለየ የባንክ ሂሳብ ይቀመጥ፤ የሁሉም ባለድርሻዎች ስምም በኢንሹራንስ ውሉ ላይ ይግባ።

ደረጃ 2፦ ያሰቡትን ጉዞ በወረቀት ላይ ይብረሩት

በእውነት የሚሄዱበትን አንድ ከተማ ይምረጡ። ከማናሳስ፣ ቨርጂኒያ ወደ ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ 270 ኖቲካል ማይል (አንዱ 1.85 ኪሎ ሜትር) ገደማ ነው። ነፋስ ከሌለ 110 ኖት፣ ማለትም በሰዓት 110 ኖቲካል ማይል፣ የሚበር ሴስና በሁለት ሰዓት ተኩል ይደርሳል። ወደ ምዕራብ ሲሄዱ ግን ነፋሱ ብዙ ጊዜ ከፊት ለፊት ስለሆነ፣ 25 ኖት ቢነፍስ ጉዞው ሦስት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ይፈጃል። ወደ ኤርፖርት መንዳቱ፣ የቅድመ በረራ ፍተሻው፣ ሲደርሱ መኪና መከራየቱ ሲታከል፣ ስድስት ሰዓት ከሚፈጀው የመኪና ጉዞ ላይ የሚያተርፉት ጊዜ ከጠበቁት በጣም ያንሳል።

ክብደቱን ቀጥለው ይሥሩ። ከ172 ሞዴሎች አንዱ የሆነው ሴስና 172 ኤን ሲነሣ የሚፈቀድለት ከፍተኛ ክብደት 2,300 ፓውንድ ነው፤ ከዚህ ውስጥ ለሰው፣ ለሻንጣና ለነዳጅ የሚተርፈው እንደየአውሮፕላኑ 850 ፓውንድ አካባቢ ነው። ሙሉ ነዳጅ፣ ማለትም 40 ጋሎን፣ 240 ፓውንድ ይመዝናል። የሚቀረው 610 ፓውንድ ወይም 277 ኪሎ ነው። እያንዳንዳቸው 80 ኪሎ የሚመዝኑ አራት ሰዎች 320 ኪሎ ስለሚሆኑ አብረው ሊሄዱ አይችሉም። አራቱም ይግቡ ከተባለ ያለ ሻንጣ ለነዳጅ የሚተርፈው 24 ጋሎን ብቻ ነው፤ በዚያ ነፋስ ኮሎምበስ ለመድረስ ግን መጠባበቂያው ሳይቆጠር 27 ጋሎን ያስፈልጋል። አራት መቀመጫ አለው ማለት አራት አዋቂ ይዞ ሩቅ ይሄዳል ማለት አይደለም። የቤተሰብዎን ክብደት ሚዛን ላይ አውጥተው ይጻፉ፤ በግምት አይሥሩ።

የአየሩ ነገር ከሁሉም ይከብዳል። በመካከል የአፓላቺያን ተራሮች አሉ፤ ክረምት ላይ ደመናው ውስጥ በረዶ ክንፍ ላይ ይጋገራል፣ ሴስና 172 ደግሞ ለዚህ የተፈቀደ አውሮፕላን አይደለም። በመሣሪያ የመብረር ፈቃድ ከሌለዎት ደመና ውስጥ መግባትም አይችሉም። ስለዚህ ቀን ለተቆረጠለት ነገር፣ ለሰርግም ይሁን ለለቅሶ፣ በአውሮፕላን እደርሳለሁ ብለው ቃል አይግቡ። እሁድ ማታ መመለስ ካልቻሉ ሰኞ ሥራ እንዴት እንደሚገቡ ከመነሣትዎ በፊት ይወስኑ፤ የመኪና ኪራይ ገንዘብም ይያዙ።

በዲሲ ዙሪያ ለሚኖሩ አንድ ተጨማሪ ግዴታ አለ። ከዋሽንግተን በ30 ኖቲካል ማይል ዙሪያ ያለው ሰማይ ልዩ የበረራ ሕግ የሚሠራበት ሲሆን ማናሳስና ሊስበርግም በውስጡ ይገኛሉ። በዓይን እያዩ የሚበሩ ከሆነ በ60 ኖቲካል ማይል ክልል ውስጥ ከመብረርዎ በፊት የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር፣ በአጭሩ ኤፍኤኤ፣ በኢንተርኔት የሚሰጠውን ነፃ ሥልጠና ይውሰዱ። ወደ ልዩ ክልሉ ከመግባትዎ በፊት የበረራ ዕቅድ ያስገቡ፣ የራስዎን የትራንስፖንደር ቁጥር ይቀበሉ፣ ተቆጣጣሪውን በሬዲዮ ያግኙ። ሳያውቁ መግባት በተዋጊ ጄት ሊያስከብብና ፈቃድ ሊያሳግድ ይችላል።

ደረጃ 3፦ መብትዎንና ጤናዎን አስቀድመው ያረጋግጡ

በአሜሪካ አውሮፕላን በስምዎ ለማስመዝገብ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለዎት ቋሚ ነዋሪ መሆን አለብዎት። በሥራ ወይም በተማሪ ቪዛ ያለ ሰው በራሱ ስም ማስመዝገብ አይችልም። የበረራ ሥልጠና ለመጀመር ደግሞ ግሪን ካርድ ያለውም ቢሆን በትራንስፖርት ደኅንነት አስተዳደር፣ በቲኤስኤ፣ የደኅንነት ማጣሪያ ማለፍ ግዴታው ነው፤ ዜጋ ዜግነቱን የሚያሳይ ሰነድ ብቻ ያቀርባል።

የግል አብራሪ ፈቃድ ለማግኘት 17 ዓመት መሙላትና ቢያንስ 40 ሰዓት መብረር ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው ግን የሚጨርሰው ከ60 ሰዓት በላይ በርሮ ነው። የጤና ምርመራውን ከሥልጠናውም ከግዢውም በፊት ያድርጉ። የሚወስዱት መድኃኒት ወይም የነበረብዎ ሕመም ካለ ማመልከቻውን ከመሙላትዎ በፊት የአቪዬሽን ሐኪሙን ያማክሩ፤ ቅጹ ላይ ግን ምንም አይደብቁ። ሐሰት መጻፍ ከሕመሙ የባሰ ጣጣ ያመጣል።

ደረጃ 4፦ ሞዴሉን ከነሞተሩ ይምረጡ

በገበያ የሚበዙት የ1970ዎቹና የ1980ዎቹ መጀመሪያ ናቸው፤ ሴስና ምርቱን በ1986 አቁሞ እንደገና የጀመረው በ1996 ነው። 172 ኤም ባለ 150 የፈረስ ጉልበት ሞተር ሲኖረው፣ ከ1977 እስከ 1980 የተሠራው 172 ኤን ባለ 160 ነው። የኤን ሞተር፣ ኦ-320-ኤች2ኤዲ የሚባለው፣ ቫልቮቹን የሚከፍቱት ካምሻፍቱና ታፔቶቹ በመበላት ይታወቃሉ። በዚህ ምክንያት አይግዙ ማለት አይደለም፤ ነገር ግን በኤፍኤኤ ትእዛዝ የተገደደው የዘይት ተጨማሪ በየጊዜው መጨመሩን በመዝገቡ ላይ ይፈልጉ። 172 ፒ የተለየ ሞተር ስላለው ከዚህ ችግር ነፃ ነው፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ይጨምራል።

ደረጃ 5፦ ቀብድ ሳይከፍሉ መዝገቡን ያንብቡ

ሻጩ የአካሉን፣ የሞተሩንና የፕሮፔለሩን መዝገብ ስካን አድርጎ እንዲልክልዎ ይጠይቁ። ሙሉውን መዝገብ ሳያዩ ለማየት እንኳ አይሂዱ፤ የተወለወለ ቀለም ልብ ያሸፍታል። በሚከተለው ቅደም ተከተል ያንብቡ፦

1. ከመጨረሻው የሞተር እድሳት ወዲህ ያለውን ሰዓትና ዓመት ይጻፉ። አምራቹ ሊኮሚንግ ለዚህ ሞተር እድሳት የሚመክረው በ2,000 ሰዓት ወይም በ12 ዓመት፣ ከሁለቱ በቀደመው ነው።
2. ሰዓቱን ለዓመታቱ ያካፍሉ። «ትንሽ ነው የሠራው» የሚለው ማስታወቂያ ሊያስደስትዎ አይገባም። በሊኮሚንግ ሞተር ካምሻፍቱ ከላይ ስለሚገኝ፣ አውሮፕላኑ ወራት ሲቆም ዘይቱ ወደ ታች ይወርድና ብረቱ እርጥበት ላይ ይቀራል፤ ዝገት የሚጀምረውም እዚያ ነው። በዓመት 80 ሰዓት የሠራ ሞተር አሥር ሰዓት ብቻ ከሠራው የተሻለ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።
3. ፕሮፔለሩ መሬት ነክቶ እንደሆነ ይፈልጉ። «ፕሮፔለር ተቀየረ» የሚል ምክንያቱ ያልተጻፈ መስመር ካገኙ፣ ሞተሩ ተፈቶ መመርመሩን የሚያሳይ ማስረጃ ይጠይቁ።
4. የኤፍኤኤ የግዴታ ጥገና ትእዛዞች በሙሉ መፈጸማቸውን የሚያሳየውን ዝርዝር ይመልከቱ።
5. የአውሮፕላኑን ፋይል ከኤፍኤኤ ያስመጡ። ዋጋው ጥቂት ዶላር ሲሆን፣ ሻጩ ያልነገረዎትን ትልልቅ ጥገናና ለውጥ ያሳያል።

መዝገቡ የጎደለ ከሆነ «ጠፍቶብኝ ነው» የሚለው መልስ ዋጋ አለው፤ ዋጋውንም ከመግዣው ላይ ይቀንሱ። የጎደለው የሞተሩ እድሳት መዝገብ ከሆነ ግን ሞተሩን እንዳልታደሰ ቆጥረው ያስሉ።

ደረጃ 6፦ ውል፣ ቀብድና የቅድመ ግዢ ምርመራ

ቀብድ የሚከፍሉት የጽሑፍ ውል ከተፈረመ በኋላ ነው። ውሉ ምርመራው ካላረካዎት ቀብዱ ሙሉ በሙሉ እንደሚመለስ፣ ለመብረር የሚያግድ ጉድለት ቢገኝ ማን እንደሚያሠራ፣ የምርመራው ወጪ በማን እንደሆነ ይናገር። ገንዘቡን ለሻጩ በእጁ አይስጡ፤ በገለልተኛ አስቀማጭ ድርጅት በኩል ይሁን።

መካኒኩን እርስዎ ይምረጡ። አውሮፕላኑን እስከዛሬ ሲጠግን የኖረ መካኒክ የራሱን ሥራ እንዲገመግም አይጠየቅም። የቅድመ ግዢ ምርመራ በሕግ የተወሰነ ይዘት ስለሌለው ምን እንዲታይ እንደሚፈልጉ ጽፈው ይስጡት፤ የሚቻል ከሆነ እንደ ሙሉ ዓመታዊ ምርመራ እንዲሠራው ይስማሙ። እርስዎም በቦታው ይገኙ።

ሲሊንደሮቹ ሲለኩ ቆመው ያዳምጡ። በእያንዳንዱ ሲሊንደር 80 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) አየር ይገባና ስንቱን እንደያዘ ይነበባል። 70ና ከዚያ በላይ ጥሩ ነው፤ ከ60 በታች ከሆነ ሲሊንደሩ መፈታቱ አይቀርም። ከቁጥሩ ይልቅ አየሩ የሚያመልጥበት ቦታ ብዙ ይነግርዎታል፦ ፉጨቱ በጭስ ማውጫው በኩል ከተሰማ የጭስ ቫልቩ፣ በካርቡሬተሩ በኩል ከሆነ የመግቢያ ቫልቩ፣ በዘይት መሙያው በኩል ከሆነ የፒስተን ቀለበቶቹ ናቸው። ቀለበቶቹ ትንሽ ቢያፈሱ ከበረራ በኋላ በትኩሱ ደግሞ መለካት ይቻላል፤ የጭስ ቫልቭ ሲያፈስ ግን በትንሽ ካሜራ ውስጡ ይታይ። ቀጥሎ የዘይት ፊልተሩ ይቆረጥና ወረቀቱ ተዘርግቶ ይታይ። ማግኔት የሚስበው የብረት ብናኝ ካለ ግዢውን ያቁሙ።

ከዚያ ወደ ውስጥ ይግቡና የአብራሪውን መቀመጫ ወደፊትና ወደኋላ ይግፉት። የመቀመጫው ሐዲድ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ክብ መሆን አለባቸው፤ ተበልተው ሞላላ ከሆኑ ፒኑ አይይዝም። አውሮፕላኑ አፍንጫውን አንሥቶ ሲወጣ መቀመጫው ወደኋላ ቢንሸራተት አብራሪው መሪውን ይዞ አብሮ ይሄዳል። በዚህ ሰዎች ሞተዋል፤ ሐዲዱን በየጊዜው መለካት በኤፍኤኤ ትእዛዝ ግዴታ የሆነውም ለዚህ ነው።

ከባድ ጉድለት ከተገኘ፦ ሦስት ምርጫ አለዎት፤ ሻጩ ያሠራ፣ ዋጋው ይቀነስ፣ ወይም ቀብዱ ይመለስ። የክንፍ ወይም የአካል ዝገት ከሆነ ግን ሦስተኛውን ይምረጡ። የምርመራው ጥቂት መቶ ዶላር ከሰረ ብለው አይቆጩ።

ደረጃ 7፦ ከመክፈልዎ በፊት ኢንሹራንስና ማቆሚያ

በአውሮፕላኑ የምዝገባ ቁጥርና በበረራ ሰዓትዎ ልክ የኢንሹራንስ ዋጋ ይጠይቁ። ሰዓቱ ጥቂት የሆነ አብራሪ ብዙ ይከፍላል፤ ከአስተማሪ ጋር የተወሰነ ሰዓት እንዲበርም ይጠየቃል። ዓረቦን ለመቀነስ ሲሉ የአውሮፕላኑን ዋጋ ዝቅ አድርገው አያስመዝግቡ። 90,000 ዶላር የሚያወጣውን በ50,000 ካስመዘገቡት፣ መጠነኛ ጉዳት ሲደርስበት ኩባንያው 50,000 ከፍሎዎት አውሮፕላኑን ሊወስደው ይችላል። ሽፋኑ ባለቤትነቱ ከሚተላለፍበት ደቂቃ ጀምሮ ይጽና።

ሃንጋር፣ ማለትም የአውሮፕላን መጠለያ፣ ለማግኘት ተራ መጠበቅ ዓመታት ሊፈጅ ስለሚችል ዛሬውኑ ይመዝገቡ፤ እስከዚያው ሜዳ ላይ የሚታሰርበት ቦታ በስምዎ ይያዙ።

ደረጃ 8፦ ክፍያና ስም ማዛወር

1. በኦክላሆማ ሲቲ ባለው የኤፍኤኤ መዝገብ ቤት አውሮፕላኑ ከእዳና እገዳ ነፃ መሆኑን በባለሙያ ያስፈትሹ።
2. ነፃ መሆኑ ሲረጋገጥ የሽያጭ ሰነዱን፣ ቅጽ 8050-2፣ ሻጩ ይፈርም።
3. የምዝገባ ማመልከቻውን፣ ቅጽ 8050-1፣ ከ5 ዶላር ጋር ያስገቡ። ምዝገባው ለ7 ዓመት ይጸናል።
4. የማመልከቻውን ቅጂ አውሮፕላኑ ውስጥ ያስቀምጡ። ሰርተፍኬቱ እስኪመጣ ድረስ በእርሱ መብረር የሚቻለው በአሜሪካ ውስጥ ብቻ ነው።
5. የክልሉን ግብር ይክፈሉ። በሜሪላንድ 6 ከመቶ፣ በቨርጂኒያ 2 ከመቶ ነው፤ ይህንን በመጀመሪያው በጀትዎ ውስጥ ያስገቡት።

ማመልከቻው ከተመለሰ፦ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ስም ነው። የአባትና የአያት ስም በግሪን ካርዱ ላይ አንድ ዓይነት፣ በሽያጭ ሰነዱ ላይ ሌላ ዓይነት ተጽፎ ሲገኝ ሰነዱ ይመለሳል፤ ሐበሾች በዚህ በኩል ዕጥፍ ጥንቃቄ ያስፈልገናል። በሁሉም ወረቀት ላይ ፊደል በፊደል አንድ ይሁን።

የቆየ የባንክ እዳ ከተገኘ፦ ሻጩ «ድሮ ተከፍሏል» ቢልም የባንኩ የመልቀቂያ ደብዳቤ እስኪመዘገብ ድረስ አይክፈሉ። ባንኩ ከስሮ ተዘግቶ ከሆነ ሻጩ ደብዳቤውን ከፌዴራል የተቀማጭ ገንዘብ ዋስትና ድርጅት መጠየቅ ይችላል።

ደረጃ 9፦ የመጀመሪያው ዓመት

ዓመታዊ ምርመራ በየ12 ወሩ የምርመራ ሥልጣን ባለው መካኒክ ይደረጋል። የአዲስ ባለቤት የመጀመሪያ ምርመራ በአብዛኛው ውድ ስለሚሆን የጥገና መጠባበቂያውን በእጥፍ ይያዙ። መካኒኩ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት፣ ከተወሰነ ገንዘብ በላይ የሚያስወጣ ነገር ሲያገኝ እንዲደውልልዎ ይስማሙ።

የግል አብራሪ ፈቃድ ያለው ባለቤት ዘይት፣ ጎማና ካንዴላ መቀየርን የመሳሰሉ ሥራዎችን ራሱ ሠርቶ በመዝገቡ ላይ እንዲፈርም ሕጉ ይፈቅዳል። የመጀመሪያውን ጊዜ መካኒክ አጠገብዎ ቆሞ ያሳይዎት፤ ፊልተሩንም እንደ ምርመራው ቀን ሁልጊዜ እየቆረጡ ይመልከቱ። ቢያንስ በሁለት ሳምንት አንዴ ዘይቱ በደንብ እስኪሞቅ ይብረሩ። መሬት ላይ አስነሥቶ ብቻ ማጥፋት እርጥበቱን ስለማያወጣ ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል።

ወዳጅ ዘመድ «ነዳጁን እኛ እንቻል፣ ኒው ዮርክ አድርሰን» ማለቱ አይቀርም። በግል ፈቃድ ተሳፋሪ በክፍያ ማጓጓዝ የተከለከለ ነው። ወጪ መጋራት የሚፈቀደው እርስዎም ለራስዎ ጉዳይ ወደዚያው ሲሄዱ ሲሆን፣ የእርስዎ ድርሻ ከእኩል ክፍያ ማነስ የለበትም፤ እርስዎን ጨምሮ አራት ሰው ከተሳፈረ የነዳጁን ሩብ እርስዎ ይከፍላሉ።

አውሮፕላኑ ሌላ ከተማ ላይ ከተበላሸ ወይም የዓመታዊ ምርመራው ቀን እዚያ ካለፈበት፣ «አንድ ሰዓት ብቻ ነው» ብለው አይነሡ፤ ኢንሹራንስዎም ላይጸና ይችላል። በመጀመሪያ ለራስዎ መካኒክ ስልክ ደውለው ብልሽቱን ያስረዱ፤ የቦታው መካኒክ የሚጠይቀው ዋጋ ተገቢ መሆን አለመሆኑን ይነግርዎታል። ጥገናው እዚያ የማይሆን ከሆነና አውሮፕላኑ ለአንድ በረራ የሚያሰጋ ካልሆነ፣ መካኒክ አይቶ ከፈረመ በኋላ ከኤፍኤኤ ልዩ የበረራ ፈቃድ ይጠይቁ። ፈቃዱ እስኪወጣ አውሮፕላኑን በደንብ አስረው፣ የምዝገባ ወረቀቱንና መዝገቦቹን ይዘው በመኪና ወይም በአውቶቡስ ወደ ቤትዎ ይመለሱ።